ጀርባ የሌለው ሰዓት

ክብ ሰዓት ሁለት ወገን አለው። አጭሩ ቆጣሪ 7 ላይ ሲያርፍ ከእርሱ ትይዩ በሌላው ወገን የሚገኘው ቁጥር 1 ነው። በኢትዮጵያ ያደገ ሰው ይህን ማንም ሳያስተምረው ያውቀዋል። በስዊዘርላንድ ወይም በጃፓን የተሠራ ሰዓት አስሮ፣ ቆጣሪው የሚያመለክተውን ትቶ ከጀርባው ያለውን ቁጥር እያነበበ፣ መሣሪያውን ሳይነካ የራሱን ሰዓት ሲያውቅ ኖሯል። ሌላው ደግሞ ቆጣሪውን ግማሽ ዙር አዙሮ ይገላገላል። ስድስት ሰዓት በክቡ ላይ ልክ ግማሽ ዙር ስለሆነ አንዱ መሣሪያ ለሁለት አቆጣጠር ያለ ጥል ያገለግል ነበር። ዲጂታል ሰዓት ግን ጀርባ የለውም፤ 07:00 ብሎ ከጻፈ ሌላ ንባብ አይቀበልም።

ጉዳዩን እንድመረምር ምክንያት የሆነኝ እዚሁ ማኪኒ የሚኖር አንድ ዘመዴ ነው። ቀን በሶፍትዌር መሐንዲስነት ይሠራል፤ ማታ ማታ ከጠረጴዛው ሳይነሣ በማይክሮሶፍት የበረራ ሲሙሌተር ዓለምን ይዞራል። ዘንድሮ የያዘው ለሲሙሌተሩ የሚጫን ተጨማሪ ፕሮግራም ሲሆን፣ ዓላማው የኢትዮጵያ አየር መንገድን የመጀመሪያ በረራ ማስመሰል ነው፤ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በአሥመራ በኩል ካይሮ የገባውን የሲ-47 በረራ። (ከዚህ በኋላ «ዓ.ም.» ያልታከለባቸው ዓመቶች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ ያ በረራ በእነርሱ አፕሪል 8 ቀን 1946 ነው።) አውሮፕላኑን ራሱን መሥራት አላስፈለገውም። የሲ-47 መንትያ የሆነው ዲሲ-3 የሲሙሌተሩ 40ኛ ዓመት እትም በ2022 ሲወጣ አብሮ ገብቷል። የጎደለው ሰዓቱ ነበር፤ በአብራሪው ፊት ዓለም አቀፉንም የኢትዮጵያንም ሰዓት ጎን ለጎን የሚያሳይ፣ የሚሠራ ሰዓት። ለእኔ ያቀረበልኝ ጥያቄም አጭር ነበር፦ «በ1946 አዲስ አበባ ስንት ሰዓት ነበር?»

ጥያቄው የሕፃን ጥያቄ ይመስላል። መልሱን ፍለጋ ግን በባቡር ኩባንያዎች፣ በአንድ ወረራ እና፣ አንባቢ ይታገሠኝ፣ በኮከብ ቆጣሪዎች በኩል ያልፋል።

በመጀመሪያ ግን ስለ መሣሪያው። አቪዬሽን የሚመራው በግሪኒች መስመር ላይ በተመሠረተው ዓለም አቀፍ ሰዓት፣ በዩቲሲ ነው። አብራሪዎች «ዙሉ» የሚሉት እርሱን ነው። ኢትዮጵያ በ1944 በቺካጎው የሲቪል አቪዬሽን ጉባኤ ከተካፈሉት አገሮች አንዷ ስለነበረች፣ አየር መንገዷ ሲወለድ ይህ ሥርዓት ከነሙሉ ትጥቁ ጠበቀው። ውሉ ከአሜሪካዊው ቲ.ደብሊው.ኤ. ጋር ነበር፤ የመጀመሪያዎቹ አብራሪዎችም አሜሪካውያን ነበሩ። ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ካፒቴን የሆኑት በ1957 ነው። እንግዲህ ኮክፒቱ የዙሉ፣ ከተማው የንጋት አቆጣጠር ነበር፤ ሁለቱም በየቤታቸው ደኅና ነበሩ። ችግሩ የሚጀምረው በመካከላቸው ካለችው ሦስተኛ ነገር፣ «የአካባቢ ሰዓት» ከምትባለው ነው።

በሴስና 172 ዳሽቦርድ ላይ በብዛት የሚገኘውን የዳቭትሮን ኤም 803 ሰዓት እንውሰድ። ትንሽ ዲጂታል መሣሪያ ነው፤ ዓለም አቀፉን ሰዓት በ24፣ የአካባቢውን በ12 አቆጣጠር፣ እንዲሁም ከመነሻ ጀምሮ ያለፈውን ጊዜ ያሳያል። የዚህ መሣሪያ ውበት አለማወቁ ነው። አውሮፕላኑ የት እንዳለ አያውቅም፤ የአካባቢው ሰዓት ስንት እንደሆነ አብራሪው በእጁ ይነግረዋል። ደቂቃው ግን ከዓለም አቀፉ ሰዓት ደቂቃ ጋር የተቆራኘ ስለሆነ ሊለወጥ የሚችለው የሰዓቱ ቁጥር ብቻ ነው። በዚህ ምክንያት በአምስት ሰዓት ተኩል የምትቀድመው ሕንድ እና በአምስት ሰዓት ከ45 ደቂቃ የምትቀድመው ኔፓል በመሣሪያው ላይ ቦታ የላቸውም። የኢትዮጵያ አቆጣጠር ግን በሙሉ ሰዓት ስለሚለያይ ያለ አንዳች ማሻሻያ ይገባበታል። አብራሪው 7 ሊጽፍ ሲችል 1 ይጽፋል፤ በቃ። ክቡ ሰዓት በጀርባው ያስተናገደንን ያህል ይህም በድንቁርናው ያስተናግደናል።

ሲሙሌተሩ ከዚህ የተሻለ አዋቂ ነው። ብሩስ አርትዊክ በ1979 ለአፕል 2 ኮምፒውተር የመጀመሪያውን እትም ሲያወጣ ዓለሙ ጥቂት መስመሮች ብቻ ነበረች። ዛሬ ግን ፕሮግራሙ አውሮፕላኑ በየትኛው ኬንትሮስና በየትኛው አገር ሰማይ ላይ እንዳለ ያውቃል። ሰዓት ለሚሠራ ሰውም ሁለት ዝግጁ ቁጥሮች ይሰጠዋል፤ አንዱ በግሪኒች ከእኩለ ሌሊት ወዲህ ያለፈው ሴኮንድ፣ ሌላው አውሮፕላኑ ባለበት ስፍራ ከእኩለ ሌሊት ወዲህ ያለፈው ሴኮንድ ነው። የኮምፒውተሩን የራሱን ሰዓት መጠቀም አይቻልም፤ ማኪኒ ላይ ምሽት ሆኖ በሲሙሌተሩ ውስጥ የአዲስ አበባ ማለዳ ሊሆን ይችላል፤ ተጫዋቹም ጨዋታውን ሊያቆም ወይም ጊዜውን ሊያፈጥን ይችላል። ስለዚህ ፕሮግራም ሠሪው የተሰጠውን ይቀበላል። የተሰጠውም «የአካባቢ ሰዓት» ከእኩለ ሌሊት የተቆጠረ ነው፤ ማንም አልጠየቀውም፣ እርሱም ማንንም አልጠየቀም። የጽሑፌ ጉዳይ ይኸው ነው፤ ሰዓቱ አዋቂ እየሆነ በሄደ ቁጥር የአካባቢ ሰዓት ምን እንደሆነ የመወሰኑ ሥልጣን ከሚያነበው ሰው እጅ እየወጣ መጣ። ወደ ማን ሄደ?

ሲሙሌተሩ የራሱ አሠራር ቢኖረውም፣ አንድሮይድና አይፎን ስልኮች፣ ሊኑክስ ሰርቨሮች እና አብዛኛው የኢንተርኔት አገልግሎት የዓለምን የሰዓት ቀጠናዎች የሚያውቁት ከአንድ የመረጃ ቋት ነው። ሥራውን በ1980ዎቹ የጀመረው አርተር ዴቪድ ኦልሰን የተባለ የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ባልደረባ ሲሆን፣ ኋላም የካሊፎርኒያው ፖል ኤገርት ሲያስተባብረው ቆይቷል። እኛ ኢኮኖሚስቶች «የሕዝብ ሀብት» የምንለው ነገር ከዚህ የጠራ ምሳሌ የለውም፤ ሁሉም ይጠቀምበታል፣ ማንም አይከፍልበትም፣ የሚሠሩት በጎ ፈቃደኞች ናቸው። የትኛው አገር መቼ ሰዓቱን እንዳዞረ በዚያ ቋት ውስጥ በአንድ በአንድ መስመር ተጽፏል። አዲስ አበባም የራሷ መስመር ነበራት።

መስመሩ የሚለው ይህን ነው፦ እስከ 1936 የአዲስ አበባ ሰዓት ከግሪኒች በ2 ሰዓት ከ35 ደቂቃ ከ20 ሴኮንድ ይቀድም ነበር፤ ሜይ 5 ቀን 1936 ግን ወደ ሙሉ ሦስት ሰዓት ተዛወረ። ቀኑን ልብ ይሏል። በእኛ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው፤ የኢጣልያ ጦር አዲስ አበባ የገባበት ዕለት። ቋቱን እናምን ካልን፣ ዛሬ የምንጠቀምበት የምሥራቅ አፍሪካ ሰዓት በአዲስ አበባ የተጀመረው በወራሪው ሠራዊት መግቢያ ቀን ሲሆን ከተማዪቱም በዚያ ዕለት 24 ደቂቃ ከ40 ሴኮንድ ወደ ፊት ዘለለች። የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ዕለቱን በ60 ኬክሮስ ስለሚከፍሉ አንድ ኬክሮስ 24 ደቂቃ ነው። ጠላት ከነታንኩ ሲገባ አንድ ኬክሮስ ከቅንጣት ወሰደብን ማለት ነው። ለልብ ወለድ ደራሲ ከዚህ የተሻለ ስጦታ አይገኝም።

ለታሪክ ግን እንዲህ በቀላሉ አይሆንም። የእነዚህ ቁጥሮች ምንጭ የመንግሥት ጋዜጣ ወይም የቴሌግራፍ መዝገብ አይደለም። ቶማስ ሻንክስ የተባለ አሜሪካዊ ለኮከብ ቆጣሪዎች ያዘጋጀው አትላስ ነው። ኮከብ ቆጣሪ የአንድን ሰው የልደት ሰንጠረዥ ለማውጣት ትክክለኛውን የትውልድ ሰዓት ይፈልጋል፤ ለዚህም በየከተማው በየዘመኑ ሰዓቱ ከፀሐይ በምን ያህል እንደሚለይ ማወቅ አለበት። የዓለምን የሰዓት ታሪክ ለማሰባሰብ ገንዘብና ትዕግሥት የነበረው ገበያ ይህ ሆነ፤ በጎ ፈቃደኞቹም ሌላ ሲያጡ ከዚያ ቀዱ። የአትላሱ መብት ባለቤት ነኝ ያለው አስትሮሌብ የተባለ የማሳቹሴትስ የኮከብ ቆጠራ ሶፍትዌር ኩባንያ በ2011 ኦልሰንንና ኤገርትን ከሰሳቸው፤ በቀጣዩ ዓመት ክሱን አነሣ። በዚያው ግርግር የቋቱ ጥበቃ የኢንተርኔት አድራሻዎችን ወደሚያስተዳድረው ተቋም ተዛወረ።

ሻንክስ ስለ ኢትዮጵያ የጻፈው ምን ይመስላል? ከ1870 እስከ 1890 ኢትዮጵያ እርስ በርስ የተጠጋጉ ስድስት የሰዓት ቀጠናዎች ነበሯት ይላል፤ ከዚያም በ1890 ሁሉም በምሥራቅ 38 ዲግሪ ከ50 ደቂቃ ኬንትሮስ ላይ ተዋሐዱ። አንባቢ እዚህ ላይ ፈገግ ሊል ይገባዋል። በ1870 አዲስ አበባ የምትባል ከተማ አልነበረችም፤ የተቆረቆረችው በ1886 ነው። በዳግማዊ ተክለ ጊዮርጊስና በአፄ ዮሐንስ ዘመን አገሪቱን በስድስት ቀጠና ከፍሎ ሰዓት የሚያስከብር ቢሮ ማን ነበረው? የባሰው ደግሞ የአሥመራ መስመር ነው። ከ1890 ጀምሮ የኢጣልያ ቅኝ የነበረችው ኤርትራ እስከ 1936 ድረስ በዚያው በኢትዮጵያ ኬንትሮስ ትመራ እንደነበር ይናገራል። የሮም መንግሥት የቅኝ ግዛቱን ሰዓት ነጻ በሆነች ጎረቤት አገር መሐል በሚያልፍ ኬንትሮስ ያስተካክል ነበር ብሎ ማመን ይከብዳል። ያ ኬንትሮስ ለምን እንደተመረጠም ግልጽ አይደለም፤ የቋቱ አዘጋጆች ምናልባት አዲስ ደራ ለምትባል ስፍራ ይሆናል ብለው ገምተው፣ መረጃው ራሱ የተሳሳተ ሳይሆን እንደማይቀር በዳር ማስታወሻቸው በግልጽ አስፍረዋል። ይህን ሐቀኝነታቸውን አደንቃለሁ። ዳር ማስታወሻውን ግን ኮምፒውተር አያነበውም፤ የሚያነበው ቁጥሩን ነው።

ታሪኩ በዚህ አላበቃም። የቋቱ ደንብ ከ1970 ወዲህ ያለውን ትክክለኛነት ብቻ ማረጋገጥ ስለሆነ፣ ከዚያ ዓመት ወዲህ የማይለያዩ ቀጠናዎች ወደ አንድ ሊጠቃለሉ ይችላሉ። በዚህ መሠረት አዲስ አበባ ከጊዜ በኋላ የናይሮቢ ጥገኛ ሆነች፤ አሮጌው መስመሯ ብዙዎቹ ሲስተሞች ወደማይጭኑት የጓዳ ፋይል ተዛወረ። የዛሬን ሰዓት ለማወቅ ምንም ጉዳት የለውም። ነገር ግን አንድ ተራ ኮምፒውተር ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ በተመለሱበት ዕለት፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም.፣ በከተማዪቱ ስንት ሰዓት እንደነበር ቢጠየቅ፣ ከግሪኒች 2 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ይቀድም ነበር ብሎ ይመልሳል። ይህ የእንግሊዝ ቅኝ የነበረችው ኬንያ እስከ 1942 የተጠቀመችበት ሰዓት ነው። የኢጣልያንን ቀን በጥርጣሬ የያዘው ቋት በምትኩ የእንግሊዝን ሰዓት አስቀመጠልን። ለዘመዴ በረራ ግን ዕድል ቀናው፤ በ1946 ሁለቱም መስመሮች ሙሉ ሦስት ሰዓት ላይ ይገናኛሉ። አምስት ዓመት ቀድሞ ቢመርጥ ኖሮ የትኛውን እንደሚያምን መወሰን ነበረበት።

ይህ ሁሉ የኢትዮጵያ ብቻ ዕጣ አይደለም፤ እኔ ይህን የምጽፍባት ማኪኒም ሰዓቷን የተቀበለችው ከመንግሥት አልነበረም። የሂውስተንና ቴክሳስ ሴንትራል ባቡር ወደ ከተማዪቱ የደረሰው በ1872 ነው። በዚያን ዘመን እያንዳንዱ የቴክሳስ ከተማ በራሱ ፀሐይ ይመራ ነበር፤ የባቡር ኩባንያዎች ግን የጊዜ ሰሌዳቸው ተዘበራረቀባቸውና ኖቬምበር 18 ቀን 1883 አህጉሩን በቀጠናዎች ከፈሉት። ኮንግረሱ በሕግ ያጸደቀው በ1918 ነው፤ ከ35 ዓመት በኋላ። የማኪኒ ኬንትሮስ ከማዕከላዊው ቀጠና መሠረት፣ ከምዕራብ 90 ዲግሪ፣ ወደ ምዕራብ ስድስት ዲግሪ ተኩል ያህል ስለሚርቅ፣ ከፀሐይ ወደ ባቡር ሰዓት መሸጋገር ማለት በግምት 26 ደቂቃ ወደ ፊት መዝለል ነበር። አዲስ አበባም ከቀጠናዋ መሠረት፣ ከምሥራቅ 45 ዲግሪ፣ በስድስት ዲግሪ ከሩብ ትርቃለች፤ 25 ደቂቃ ያህል። ሁለቱ ከተሞች ሰዓታቸው ከፀሐያቸው የሚለይበት ልክ በአንድና በሁለት ደቂቃ ውስጥ አንድ ነው። የተለየው በማን እጅ፣ ለማን ጥቅም እንደሆነ ነው፤ በአንዱ ነጋዴ ወጪውን ለመቀነስ፣ በሌላው፣ መዝገቡ እውነት ከሆነ፣ ጦረኛ ግዛቱን ለማስተካከል።

እስከ አሁን የተነጋገርነው ስለ ቀጠና ነው። የንጋቱ አቆጣጠር ግን ከነአካቴው ቀጠና አይደለም፤ ይህን አለመለየት በፕሮግራም ሠሪዎች ዘንድ ብዙ ጊዜ ያጋጥማል። ቀጠና የሚነግረን ከግሪኒች ያለንን ርቀት ነው። አቆጣጠር የሚነግረን ደግሞ መቁጠር ከየት እንደምንጀምር ነው። የኢትዮጵያ አቆጣጠር መነሻው ከባቡርም ከቴሌግራፍም እጅግ ይቀድማል፤ በቤተ ክርስቲያን የጸሎት ጊዜያት ስም ውስጥ ዛሬም ይሰማል። ሠለስት ሦስት፣ ተሰዓት ዘጠኝ ማለት ነው፤ ሁለቱም ከንጋት የተቆጠሩ ናቸው፤ ቀትርም በስድስት ሰዓት ነው። የሮም ሰዎችም እንዲሁ ይቆጥሩ ነበር፤ ስዋሂሊ ተናጋሪ ጎረቤቶቻችን ዛሬም እንዲሁ ይቆጥራሉ። ለምድር ወገብ ቅርብ ለሆነ አገር አቆጣጠሩ ምክንያታዊ ነው፤ በአዲስ አበባ በረጅሙና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም። በማኪኒ ግን ልዩነቱ ከአራት ሰዓት ያልፋል። ንጋት እንዲህ በሚንከራተትበት አገር ሰዓትን ከንጋት መቁጠር የማይመች ቢሆን አይገርምም፤ ቀኑ በማይንከራተትበት አገር ደግሞ ከእኩለ ሌሊት መቁጠር ነው ማስረጃ የሚፈልገው።

በኮድ ሲጻፍ ነገሩ አሳፋሪ በሆነ መጠን ቀላል ነው። ኢትዮጵያ ከግሪኒች ሦስት ሰዓት ትቀድማለች፤ አቆጣጠሯ ደግሞ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ይመልሳል፤ ስለዚህ የኢትዮጵያ ሰዓት ማለት ዩቲሲ ሲቀነስ ሦስት ነው። የዙሉውን ሴኮንድ ወስዶ 10,800 መቀነስ፣ ለ43,200 አካፍሎ ቀሪውን መያዝ፣ ቀሪውን ወደ ሰዓትና ደቂቃ መለወጥ፣ ሰዓቱ ዜሮ ከሆነ 12 ብሎ መጻፍ። የሲሙሌተሩ ስክሪኖች የሚጻፉበት ጃቫስክሪፕት ግን አንድ ጠባይ አለው፤ የአሉታዊ ቁጥርን ቀሪ አሉታዊ አድርጎ ይመልሳል። በዚህ ምክንያት እንዲህ የተጻፈ ሰዓት ቀኑን ሙሉ በትክክል ሲሠራ ውሎ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ እስኪነጋ ድረስ ከዜሮ በታች የሆነ ቁጥር ያሳያል። መድኃኒቱ 10,800 በመቀነስ ፈንታ 32,400 መደመር ነው፤ በአሥራ ሁለት ሰዓት ዙር ላይ ሁለቱ አንድ ናቸውና። ማኪኒ ላለ ሰው የጭንቅላት ስሌቱም ከዚህ ይወጣል፤ በግድግዳው የቴክሳስ ሰዓት ላይ በክረምት ሦስት፣ የበጋው ሰዓት ሲጀምር ሁለት መደመር ነው። እዚህ ከጠዋቱ አሥር ሲሆን በጃንዋሪ አዲስ አበባ ከምሽቱ አንድ፣ በጁላይ ግን አሥራ ሁለት ነው።

ቁጥሩ ካለቀ በኋላ የሚመጣው ስያሜው ነው። የመሣሪያው ፓነል ለጠዋትና ለከሰዓት ሁለት ምልክት ብቻ የሚይዝ ቦታ አለው። አማርኛ ግን ቢያንስ አራት ቃል ይጠይቃል፤ ከጠዋቱ፣ ከቀኑ፣ ከምሽቱ፣ ከሌሊቱ። ድንበራቸውም ገመድ የተወጠረበት አይደለም፤ አሥራ አንድ ሰዓት ለአንዱ ሌሊት፣ ለማለዳ ተነሺ ደግሞ ንጋት ነው። የቋንቋዎችን የቀንና የሰዓት አጻጻፍ የሚደነግገው የዩኒኮድ ስብስብ የኢትዮጵያን የዘመን አቆጣጠር፣ ጳጉሜን ሳይቀር፣ አካቷል። በሰዓቱ በኩል ግን ለፕሮግራም ሠሪው የሚቀርቡት አራት የአጻጻፍ ምርጫዎች ሁሉም ከእኩለ ሌሊትና ከእኩለ ቀን የሚነሡ ናቸው። ፊደላችን በ1999 ዩኒኮድ የገባው ሥራዬ ብለው በያዙት ሰዎች ጥረት ነው። የሰዓቱ ጉዳይ ቀላል ስለመሰለ ባለቤት አላገኘም ብዬ አስባለሁ።

አንዳንድ የሙያ ጓደኞቼ ነገሩ ለምን ያስጨንቃል ይላሉ፤ ፖል ዴቪድ በ1985 ስለ ጽሕፈት መኪና የፊደል አቀማመጥ እንዳሳየው፣ ዓለም አንዴ በአንድ ደረጃ ከተሰለፈ ከሰልፉ መውጣት ያከስራል። ክርክሩ እዚህ ቦታውን የሳተ ይመስለኛል። ማንም አቪዬሽን ዙሉን ይተው አላለም። ሁለት ሰዓት ጎን ለጎን ማሳየት የሚጠይቀው አንድ የመደመር መስመር ነው፤ አለማሳየት የሚያስከፍለው ግን በየዕለቱ በእያንዳንዱ ተጠቃሚ ላይ የሚወድቅ ወጪ ነው። ወጪውም ምናባዊ አይደለም። ስልኩ የሐበሻ ሰዓት እንዲያሳየው ፈልጎ ሰዓቱን በእጁ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ የመለሰ ሰው፣ የባንኩን ወይም የኢሜይሉን የማረጋገጫ ኮድ የሚያመነጨው መተግበሪያ ዋጋ ያጣበታል፤ ኮዱ የሚሰላው ከስልኩ ሰዓት ሲሆን በየ30 ሴኮንዱ ይለወጣልና። መልእክቶቹ ቅደም ተከተላቸውን ያጣሉ፤ ቀጠሮዎቹ ይዛነፋሉ። ስለ ዲጂታል ኢትዮጵያ የሚጻፉ ሰነዶች ስለ መሠረተ ልማትና ስለ ክፍያ ሥርዓት ብዙ ይላሉ፤ ሕዝቡ ሰዓት የሚያነብበት መንገድ በመሣሪያው ውስጥ እንደሌለ ግን እንደ ፖሊሲ ጉዳይ ሲነሣ ሰምቼ አላውቅም።

ዘመዴ ግን የማረጋገጫ ኮድ ሳይሆን ሌላ ነገር ገጠመው። ሰዓቱ ሠርቶ፣ ስያሜው ገብቶ፣ ቀኑን ማሳየት ሲጀምር ቆመ። አውሮፕላኑ ሌሊት ሲበር ቀኑ መቼ ይለወጥ? የዙሉው በግሪኒች እኩለ ሌሊት ይለወጣል፤ የሲሙሌተሩ የአካባቢ ቀን በአዲስ አበባ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት። በቤተ ክርስቲያን ዕለቱ የሚጀምረው ከዋዜማው ምሽት ነው። በተራው ሰው አነጋገር ደግሞ ሌሊቱ የትናንቱ ቀን ጭራ ነው፤ ካልነጋ ነገ አልመጣም። የስልክ ብልሃተኞች ሰዓቱን በእጅ መነካካት ትተው ቀጠናውን ወደ ቦነስ አይረስ ይቀይሩታል፤ አርጀንቲና ዓመቱን ሙሉ ከዩቲሲ በሦስት ሰዓት ስለምትዘገይ ቁጥሩ ከእኛ አቆጣጠር ጋር ልክ ይገጥማል፣ የማረጋገጫ ኮዱም አይበላሽም። ይህን የሚያደርጉት ምናልባት ያላስተዋሉት ነገር፣ ስልካቸው ቀኑን የሚለውጠው በአዲስ አበባ ንጋት፣ ልክ ከማለዳው አሥራ ሁለት ሰዓት መሆኑን ነው። የአርጀንቲና እኩለ ሌሊት የእኛን ንጋት ጠብቆ ይደርሳል።

እንግዲህ ፓነሉ ሰኞ ብሎ እስኪነጋ ይቆይ፣ ወይስ በስድስት ሰዓት ማክሰኞ ይበል? አማርኛ ለዚህ ጥያቄ የቆየ መልስ አለው፤ ያን ሰዓት ሰኞም ማክሰኞም ሳይል «ለማክሰኞ አጥቢያ» ይለዋል። ሌሊቱን ካለፈው ቀን ሳያፋታ ለሚመጣው ያጨዋል። ከአዲስ አበባ ከእኩለ ሌሊት በኋላ የሚነሣ በረራ ትኬት የቆረጠ ሰው ሁሉ ይህን ቃል ያውቀዋል፤ የማክሰኞን ቀን ትኬት ይዞ ሰኞ ማታ ሻንጣውን ጭኖ የሚወጣው በዚህ ቃል ተማምኖ ነው። በሲሙሌተሩ ውስጥ የቀን ተለዋዋጭ አንድ ቁጥር ብቻ ይይዛል። ዘመዴ ለጊዜው ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት እስከ ንጋት ሁለቱም ቀኖች በመካከላቸው ጭረት ተሰምሮ እንዲታዩ አድርጎ ጽፎታል፤ የዲሲ-3 ፓነል ጠባብ ስለሆነ ፊደሎቹን ማሳነስ ነበረበት፤ ከአሥመራ ወደ ሰሜን ሲታጠፍ በሚመታው የጠዋት ፀሐይ ነጸብራቅ አሁንም በደንብ አይነበቡም።